የሕግና የመንግሥት ቃላትን ሳያምታቱ ለመያዝ፦ ለተማሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

“አዋጅ ማለት ሕግ ነው፤ ደንብም ሕግ ነው፤ መመሪያም ሕግ ነው” ብሎ የሸመደደ ተማሪ ሦስቱን ለይ ሲባል ይደናገራል። ፍቺውን አጥቶ አይደለም፤ ፍቺ ብቻ ይዞ ነው። የሕግ ቃል ማን እንደሚለው፣ በማን ላይ እንደሚውልና ጉዳዩ የት ሲደርስ እንደሚነሳ አብሮ ካልተያዘ በሳምንቱ ይጠፋል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ሂዱ። በተለይ ደረጃ 3ን የዘለለ ተማሪ ደረጃ 5 ላይ መቆሙ አይቀርም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ነገር አዘጋጁ።

1. የሕገ መንግሥቱ የአማርኛ ቅጂ። 11 ምዕራፍና 106 አንቀጽ አለው። የእንግሊዝኛው እንደ አጋዥ ይያዝ፤ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ነው።
2. አንድ ሙሉ አዋጅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጀማሪ ይመቻል፤ ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ ስንብት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው።
3. አንድ የሰበር ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚመለከተው ችሎት) ውሳኔ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቅጽ እያሰባሰበ ያሳትማቸዋል። አጭሩን ምረጡ፤ ከአራትና አምስት ገጽ አይብለጥ።
4. ወፍራም ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ።

ደብተሩን በአራት ዓምድ አስምሩ፦ ቃሉ፣ ማን በማን ላይ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ከየትኛው ግስ ጋር። አራተኛውን ዓምድ ብዙዎች ይተዉታል፤ የሚያሳፍረው ግን እሱ ነው። ክስ ይመሠረታል። አቤቱታ ይቀርባል። መጥሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይደርሳል። ችሎት ይሰየማል። ብይን ይሰጣል። ዋስትና ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል። ሕግ ይጸድቃል፣ ይሻሻላል፣ ይሻራል። “ብይን ተመሠረተ” ብሎ የጻፈ ተማሪ ፍቺውን ቢያውቅም እንዳላወቀ ይቆጠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ርካሽ የሕግ መጽሐፍ ስትገዙ ያልተሻረ መሆኑን አረጋግጡ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተክቷል፤ የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም በ1156/2011 ተሽሯል። ሁለቱም አሮጌዎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የአዲሱን አዋጅ የመጨረሻ ገጾች ገልጣችሁ “የተሻሩ ሕጎች” የሚለውን አንቀጽ አንብቡ።

## ደረጃ 1፦ ሕጉን ከአውጪው ለዩ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች ይህን ጻፉ።

1. ሕገ መንግሥት የሁሉም የበላይ ነው። ከሱ የሚቃረን ሕግም ሆነ ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚነት የለውም (አንቀጽ 9)።
2. አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወጣል።
3. ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል፤ አዋጁን ለማስፈጸም ነው።
4. መመሪያ በሚኒስቴር ወይም በሌላ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ይወጣል።

አዋጅና ደንብ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ፤ ጋዜጣው የሚታተመው አራት ኪሎ ባለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። መመሪያን እዚያ አትፈልጉ፤ መመሪያ የሚመዘገበው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው።

ረቂቅ የሚል ቃል ከፊት ካለ ነገሩ ገና ሕግ አይደለም። ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምም ሥራ ላይ ይውላል (አንቀጽ 57)። “ፕሬዚዳንቱ ካልፈረመ ሕጉ ይወድቃል” የሚለው መልስ የሌላ አገር አሠራር ነው።

የሚያሳስተው፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስሙ አዋጅ ሆኖ መጀመሪያ የሚደነግገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ካልተቀበለው ወዲያው ይሻራል (አንቀጽ 93)። ይህን ከዝርዝሩ አጠገብ በቀይ ጻፉት።

ቁጥሩ ሲምታታ፦ በአንዱ ወረቀት 1156/2011፣ በሌላው 1156/2019 ካያችሁ ሁለት አዋጅ አይደለም። ከእዝባሩ በስተቀኝ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው፤ የጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ በእኛ አቆጣጠር፣ የእንግሊዝኛው ዓምድ በፈረንጆቹ ይጽፈዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። በስተግራ ያለው ተራ ቁጥር አይለወጥም፤ በእሱ ፈልጉ።

## ደረጃ 2፦ ምክር ቤቶቹንና ሥልጣኖቹን በየቦታቸው አስቀምጡ

“ምክር ቤት” የሚለው ቃል ብቻውን ሲጻፍ ምንም አይነግርም። ሁልጊዜ ሙሉ ስሙን ጻፉ።

- የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕግ ያወጣል። አባላቱ ከ550 አይበልጡም፤ ለአምስት ዓመት ይመረጣሉ። በተለምዶ “ፓርላማ” የምንለው ይህን ነው።
- የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ በዚህም 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያግዘዋል። “ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤት ነው” የሚለው ደረቅ መልስ እዚህ ላይ ይሰበራል።
- የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስሙ ቢመሳሰልም ሕግ አስፈጻሚ ነው።

ከዚያ እነዚህን ጥንዶች ጎን ለጎን አስፍሩ። ሚኒስትር ሰውየው ነው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ። በአንዲት ፊደል ነጥብ የሚሄደው እዚህ ነው። ርዕሰ ብሔር የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ ርዕሰ መስተዳድር የክልል አስተዳደር መሪ። አዲስ አበባ ርዕሰ መስተዳድር የላትም፤ ከንቲባ አላት፤ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት ነው (አንቀጽ 49)።

ወረዳ ላይም ተጠንቀቁ። በክልል ወረዳ ከቀበሌ በላይ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከክፍለ ከተማ በታች ያለው የመጨረሻው እርከን ወረዳ ነው። አራዳ ወይም ቂርቆስ ውስጥ ሰው በልማድ “የቀበሌ መታወቂያ” ቢልም መታወቂያውን የሚሰጠው ወረዳው ነው።

## ደረጃ 3፦ አንድ አንቀጽ በትክክል አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የሠራተኛ አዋጁን ክፈቱና አንቀጽ 2ን አውጡ፤ “ትርጓሜ” ይላል። መግቢያው በአብዛኞቹ አዋጆች አንድ ዓይነት ነው፦ “የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር”። ትርጉሙ ይህ ነው፦ እዚህ የተፈታ ቃል በዚህ አዋጅ ውስጥ በዚህ ፍቺ ይነበባል፤ መዝገበ ቃላት አያዝበትም፣ የሌላ አዋጅ ፍቺም አይዛወርበትም። ለምሳሌ “ሰው” የሚለው ቃል በብዙ አዋጆች የተፈጥሮ ሰውንም በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠውን አካልም ይይዛል። እንዲህ በሚልበት ቦታ ኩባንያም ሰው ነው።

ቀጥሎ አከፋፈሉን ለዩ፦ ክፍል፣ ምዕራፍ፣ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ ፊደል ተራ። አንቀጽ 19(3) ሲባል የአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ማለት ነው።

አሁን ረጅም ዓረፍተ ነገር ምረጡና በዚህ ቅደም ተከተል ፍቱት።

1. መጨረሻውን መጀመሪያ አንብቡ። ዋናው ግስ እዚያ ነው። ይችላል ካለ ፈቃድ ነው። አለበት ወይም ይኖርበታል ካለ ግዴታ ነው። አይችልም ካለ ክልከላ ነው። በሰማያዊ አስምሩበት።
2. የግሱን ባለቤት ፈልጉ፤ ማን ነው የሚችለው፣ ማን ነው ያለበት?
3. “ከሆነ”፣ “ሲሆን”፣ “ካልሆነ በስተቀር” የሚሉትን በቀይ ክበቡ። እነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው።
4. ዓረፍተ ነገሩን በራሳችሁ ቃል በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ካቃታችሁ ወደ ተራ ቁጥር 1 ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የውስጥ ግስን እንደ ዋና ግስ መውሰድ ነው።

ሁለት ሐረጎች የብዙ ሰው መሰናከያ ናቸው፦ “እንደተጠበቀ ሆኖ” እና “ቢኖርም”። በምሳሌ እንያቸው። የአንድ ቤተ መጻሕፍት ደንብ ንዑስ አንቀጽ 1 “ተማሪ መጽሐፍ ለ7 ቀን መዋስ ይችላል” ይላል እንበል።

- “የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ተማሪው መታወቂያ ማስያዝ አለበት” ቢል የ7 ቀኑ መብት አልተነካም፤ ግዴታ ተጨመረበት።
- “የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ ቢኖርም፣ መዝገበ ቃላት ማዋስ አይቻልም” ቢል መዝገበ ቃላትን በተመለከተ ንዑስ አንቀጽ 1 አይሠራም።

የመጀመሪያው ያቆያል፣ ሁለተኛው ይነጥቃል። ሁለቱን ገልብጦ ያነበበ ሰው የሕጉን ውጤት ገልብጦ ነው የሚናገረው።

## ደረጃ 4፦ የወንጀል ቃላትን በሰንሰለት ያዙ

የወንጀል ቃላትን በፊደል ተራ አታጥኑ። አንዱ ሰው በየደረጃው ስሙ ይለወጣል፤ ሕገ መንግሥቱም ራሱ እንዲህ ከፍሎታል፦ አንቀጽ 19 ስለተያዙ፣ አንቀጽ 20 ስለተከሰሱ፣ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ነው።

1. ተጠርጣሪ። ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያውለዋል። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። የሚቆየው ማረፊያ ቤት ነው።
2. ተከሳሽ። የምርመራ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል፤ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። “ፖሊስ ከሰሰው” የሚለው የመንደር ንግግር ነው። ክሱ ሲነበብለት ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃል ይሰጣል፦ ፈጽሜአለሁ ወይም አልፈጸምኩም።
3. ብይን። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ወይ በነፃ ያሰናብተዋል፣ ወይ ይከላከል ይላል።
4. ፍርድ። መከላከያው ከተሰማ በኋላ ጥፋተኛ ይባላል ወይም ነፃ ይወጣል።
5. የቅጣት ውሳኔ። ማክበጃና ማቅለያ ታይቶ ቅጣቱ ይወሰናል። ከዚህ በኋላ ፍርደኛ ነው፤ የሚሄደውም ማረሚያ ቤት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ዜና ላይ “ተከላከሉ ተባሉ” ሲባል ጥፋተኛ ተባሉ ማለት አይደለም። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መልስ የሚያስፈልገው ሆኖ ተገኘ ማለት ብቻ ነው። ያ ሰው አሁንም እንደ ንጹሕ የመገመት መብት አለው (አንቀጽ 20)።

“ተለቀቀ” የሚለውን ብቻውን አትጻፉ። በዋስ ከተለቀቀ ጉዳዩ አላለቀም። ክሱ ከተቋረጠ ስለ ጥፋተኛነቱ ምንም አልተወሰነም። በነፃ ከተሰናበተ ፍርድ ቤት ተናግሯል። በይቅርታ ወይም በአመክሮ ከወጣ ደግሞ አስቀድሞ ተፈርዶበት ነበር ማለት ነው። አራቱ አራት የተለያየ ታሪክ ናቸው።

እስራትም ሁለት ዓይነት ነው። ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ በልዩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ካለ ዕድሜ ልክ ይሆናል። “ቀላል” እዚህ ላይ የቅጣቱ ዓይነት ስም ነው።

መረጃ እና ማስረጃ አንድ አይደሉም። መረጃ የተሰማ፣ የተጠቆመ ነገር ሁሉ ነው። ማስረጃ ለፍርድ ቤት ቀርቦ አንድን ፍሬ ነገር የሚያረጋግጥ ወይም የሚያስተባብል ነው።

## ደረጃ 5፦ በፍትሐ ብሔር የተከራካሪዎቹን ስም ተከታተሉ

እዚህ ወንጀል የለም፤ ስለዚህ “ጥፋተኛ ተባለ”፣ “ተቀጣ” ብላችሁ አትጻፉ። “ተፈረደበት”፣ “ካሳ እንዲከፍል ተወሰነ” በሉ። ዐቃቤ ሕግም የግድ የለም።

ሰንጠረዥ ሠርታችሁ የተከራካሪዎቹን ስም በየእርከኑ አስገቡ።

| የት | የጠየቀው | የተጠየቀው |
|---|---|---|
| መጀመሪያ ክሱ የቀረበበት ፍርድ ቤት | ከሳሽ | ተከሳሽ |
| ይግባኝ ሰሚ | ይግባኝ ባይ | መልስ ሰጪ |
| ሰበር | አመልካች | ተጠሪ |
| አፈጻጸም | የፍርድ ባለመብት | የፍርድ ባለዕዳ |

አሁን ያዘጋጃችሁትን የሰበር ውሳኔ አውጡ። ከላይ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የዳኞቹ ስም፣ ቀጥሎ አመልካችና ተጠሪ አሉ። ጽሑፉ ግን ወዲያው “የአሁን ተጠሪ በሥር ፍርድ ቤት ከሳሽ ነበር” ብሎ ይጀምራል። ተማሪ የሚጠፋው እዚህ ነው። እንዲህ አድርጉ፦ ለአንዱ ተከራካሪ ሰማያዊ፣ ለሌላው ቀይ ስጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙ በተለወጠ ቁጥር በዚያው ቀለም አስምሩ። የሥር ፍርድ ቤት ማለት ጉዳዩን ቀድሞ ያየው የበታች ፍርድ ቤት ነው። ግራ ቀኙ ሲል ሁለቱንም ተከራካሪዎች ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ርዕስ ፈልጉ። ፍርድ በሚለው ሥር ታሪኩና ምክንያቱ አለ። መጨረሻ ላይ ውሳኔ በሚለው ሥር በተራ ቁጥር ውጤቱ ተቀምጧል፤ የበታቹ ውሳኔ ጸንቷል፣ ተሽሯል ወይም ተሻሽሏል ይላል። ከዚያም “መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ” የሚል ታገኛላችሁ። ከጠፋችሁ ከውሳኔው ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡ።

ይግባኝ እና ሰበር አይደባለቁ። ይግባኝ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ያስመረምራል፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ሰበር የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው። ይርጋ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ መብትን በክስ የመጠየቂያ ጊዜው ማለፉ ነው። በውል ጉዳይ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ነው።

ዳኝነት የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ይመጣል። “የዳኝነት አካል” ሲል ፍርድ ቤቶች፣ “የተጠየቀው ዳኝነት” ሲል ከሳሽ እንዲወሰንለት የፈለገው ነገር፣ “የዳኝነት ክፍያ” ሲል ክስ ሲከፈት የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ሦስቱን በሦስት መስመር ጻፉ።

## ደረጃ 6፦ ችሎት ገብታችሁ ስሙ

ከአራቱ ዓምዶች አንዱም ባዶ የማይቀረው ቃሉን ከዳኛ አፍ ስትሰሙት ነው። መሐል ከተማ ላሉ ተማሪዎች ልደታ ቅርብ ነው፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የመጀመሪያ ደረጃው ልደታ ምድብ ችሎት እዚያ ናቸው። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው።

1. በክረምት አትሂዱ፤ ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ ይሆናሉ። በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ።
2. የተማሪ መታወቂያ ያዙ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ።
3. ስልክ አጥፉ። ድምፅ መቅዳትም ፎቶ ማንሳትም አትሞክሩ።
4. ዳኞች ሲገቡ ተነሡ፤ በክርክር መካከል አትውጡ።
5. የሰዎችን ስም አትጻፉ። የምትጽፉት ግሶቹን ነው፦ ተቀጥሯል፣ ታዟል፣ ይቅረብ፣ ታልፏል።

አትገቡም ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ምናልባት ዝግ ችሎት ነው። የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ በዝግ ሊሰማ ይችላል። ወደሚቀጥለው ችሎት ሂዱ። የፍትሐ ብሔር ችሎት ገብታችሁ ቀጠሮ ብቻ እየተሰጠ ከሆነም አትሰልቹ፤ “መጥሪያ አልደረሰም”፣ “ተለዋጭ ቀጠሮ” የሚሉት የሚለመዱት እዚያው ነው።

## ደረጃ 7፦ ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሸፍናችሁ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አርሙ። ከስድስቱ አራት ካላገኛችሁ የተሳሳታችሁበትን ደረጃ ብቻ ድገሙ፤ ሁሉንም አትጀምሩ።

ሀ. የትምህርት ሚኒስትር መሥሪያ ቤቱ አዲስ አዋጅ አወጣ።
ለ. ፖሊስ በተከሳሹ ላይ ተጨማሪ 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ፤ ክስ ገና አልተመሠረተም።
ሐ. ፍርድ ቤቱ ተከላከሉ በማለት ጥፋተኝነታቸውን አረጋገጠ።
መ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁን አጽድቆ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ላከ።
ሠ. ተከራዩ የቤት ኪራይ ባለመክፈሉ በፍትሐ ብሔር ችሎት ጥፋተኛ ተባለ።
ረ. ሰበር ሰሚ ችሎቱ ይግባኝ ባዩና መልስ ሰጪው እንዲቀራረቡ አዘዘ።

መልስ፦

ሀ. ሁለት ስሕተት አለ። መሥሪያ ቤቱ ሚኒስቴር ነው፤ የሚያወጣውም መመሪያ ነው።
ለ. ክስ ካልተመሠረተ ተጠርጣሪ ነው።
ሐ. “ይከላከሉ” ብይን ነው፤ ጥፋተኛነት የሚገለጸው በፍርድ ነው።
መ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቁን ተወያይቶ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይመራል፤ የሚያጸድቀው ሁለተኛው ነው።
ሠ. “እንዲከፍል ተፈረደበት” ወይም “እንዲከፍል ተወሰነበት”።
ረ. በሰበር አመልካችና ተጠሪ ናቸው።